የዜማ ደራሲው ወንድማችንና የወጥ ቤቱ ቧንቧ

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአስተማሪ እናታቸው፣ ዛሬ በተሸኙበት ቤት ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ስለነበሩ ተሞላቀው አደጉ። ከአራት ዓመት በኋላ የተወለደችው ታናሽ እህታቸው፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ የደረሳት ከእሳቸው የተረፈው ነው።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀቁ። ውጤታቸው ከእህታቸው ያነሰ ቢሆንም ፒያኖ የተገዛው ለእሳቸው ነው። ለእሷ መዝገበ ቃላት ተገዛላት።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው አንድ አሳታሚ የዜማቸውን መጨረሻ እንዲያሳጥሩ ቢጠይቃቸው ውሉን ትተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ የማንም ተቀጣሪ አልሆኑም፤ ራሳቸው ደርሰው፣ ራሳቸው ተጫውተው፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለችው ክፍል ራሳቸው ቀረጹ። የመንገዱን ጫጫታ ለመከላከል መስኮቱን በፍራሽ ደፈኑት። የወጥ ቤቱን ግድግዳ ግን ባዶውን ተዉት፤ ከወዲያ ሳህን የምታጥበው እህታቸው ስንፍና መስሏት ነበር።

በሠላሳ ዓመታቸው ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ለባለቤታቸው ሙሉ አልበም አበረከቱ፤ ለልጆቻቸው ገና ሲወለዱ ዜማ ደረሱላቸው። የፒያኖውን ወንበር ለጠገነላቸው አናጺ እንኳ አንድ ዜማ ደርሶታል። ለእህታቸው የሚል ግን በአምስቱም አልበሞች ላይ የለም፤ ሽፋኖቹን አገላብጣ አይታለች። ቅናት ነው ለሚል፣ አዎ፣ ቅናት ነው። ሟቹም ያውቁት ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሲዳከሙ አልጋቸው ወደ ሥራ ክፍላቸው ገባ። ትንሽ ኪቦርድ ጭናቸው ላይ አድርገው አዲስ ዜማ ጀመሩ። እህታቸው አጠገባቸው ልትቀመጥ ብትገባ፣ "ሂጂ፣ ዕቃ እጠቢ" አሏት።

"ለሚስትህ አልበም፣ ለእኔ ሳህን!" ብላ በር ላይ ቆማ አለቀሰች።

ባለቤታቸው ተከትለዋት ወጡ። "እስከ ዛሬ ሳታውቂ ነው የኖርሽው? አዲስ ዜማ ሲጫወት ጆሮው ቧንቧው ላይ ነው። ለመስማት ብለሽ ውሃውን ከዘጋሽ ዜማውን ይይዘዋል፤ ማጠብሽን ከቀጠልሽ ይጥለዋል። እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነው ብሎኝ አያውቅም። ስንት ዓመት ቀንቼብሻለሁ መሰለሽ!"

እህታቸው ያን ቀን ንጹሕ ሳህኖችን እንደገና አጠበች። ዜማው መሃል ላይ ሲደርስ፣ ሳይታወቃት እጇ ቧንቧውን ዘግቶት ነበር። ከወዲያ በኩል ሲስቁ ሰማቻቸው።

ወንድማችን ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተዋል። ዛሬ የምትሰሙት ያው የመጨረሻ ዜማቸው ነው። ለማን እንደሆነ አልጻፉበትም፤ እህታቸውም አልጠየቀችም።

አምላክ ነፍሳቸውን ደስታ ባለበት ያኑርልን። እዚያም አዲስ ዜማ መድረሳቸው አይቀርም። እህታቸው እስክትመጣ ድረስ ግን ለሌላ ሰው እንዳያሰሙ አደራ።