ስለ ባንኮኩ መመሪያና ስላልተፈታው አደራ

ለተከበሩ ወንድም ባህሩ
የቤተ ክርስቲያናችን የጉዞ መረጃ ክፍል ሰብሳቢ
ጄን ኤንድ ፊንች፣ ቶሮንቶ

የጌታ ሰላም እንደምን ይዞዎታል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ እሑድ እሑድ ማስታወቂያ ሲያነቡ የማይደክመው ድምፅዎ ሁሉ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እኅትዎ የሻሽወርቅ፣ በመመሪያዎ ተመርቼ ባንኮክ ደርሼ፣ ከመመሪያዎ ተርፌ ወደ ሰፈሬ ወደ ቶርንክሊፍ ፓርክ ተመልሻለሁና ምስጋናዬን በምእመናኑ ሁሉ ፊት ላቀርብ ወደድሁ።

ከአዲስ አበባ ለሕክምና ባንኮክ የሚሄድ ዘመድ ያለን ብዙ ስለሆንን፣ ክፍልዎ «ወደ ታይላንድ ለሚጓዙ ወገኖች ጠቃሚ መረጃ» የሚል ባለ አሥራ ስድስት ገጽ መመሪያ አዘጋጅቶ አድሎናል። ሽፋኑ ላይ እርስዎ ዝሆን አጠገብ ቆመዋል። ከናያጋራ ፏፏቴ አልፈው እንደማያውቁ ብናውቅም፣ ዝሆኑ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጨዋ ጉባኤ ነው ያለዎት።

እኔን ያስኬደኝ የታላቅ እኅቴ የቆንጂት የልብ ቀዶ ጥገና ነበር። ከተያየን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲያስገቧት እጇን እንድይዛት። አውሮፕላኔ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ያርፋል፣ እሷ በስድስት ሰዓት ትገባለች። አምስት ሰዓት ሙሉ አለኝ ብዬ ልቤን ጥዬ ተሳፈርሁ፤ አይ የኔ ነገር!

አንደኛ፦ መመሪያዎ ወደ ጣዖት ቤት እንዳንገባ ሦስት ገጽ ሙሉ ስላስጠነቀቀን ነፍሴ ታመሰግንዎታለች። ከመድረሳችን በፊት በኢንተርኔት ስለሚሞላው የመግቢያ ፎርም ግን አንዲት መስመር አልጻፉም። ስለዚህ መነጽሬን ፍለጋ ቦርሳዬን መሬት ላይ ዘርግፌ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ እያየኝ፣ በስልኬ ስሞላ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ይህን እንኳ በይቅርታ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ በደማቁ «ለወገን የሚላክ ዕቃ እምቢ አይባልም፤ የታሸገ አደራም አይፈታም» ብለው ጽፈዋል። ይህን ባነበብሁ በሳምንቱ፣ የመነሻዬ ዋዜማ፣ እርስዎ ራስዎ የሕንፃችን ሎቢ ድረስ መጥተው፣ ባንኮክ ለሚኖረው ለወንድምዎ ልጅ ለአምሃ የሚሰጥ፣ በአምስት ፌስታል የተጠቀለለና በፕላስተር የታሰረ ዕቃ አስረከቡኝ። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። እኛ አገር አደራ ሰጪን «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሌባ ነህ ከማለት እንደማይሻል እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ የማያውቀው የታይላንድ ጉምሩክ ብቻ ነው።

መኮንኑ ሻንጣሽን ራስሽ ነሽ ያሰርሽው አለኝ፤ አዎ አልሁ። ይህስ ምንድን ነው አለኝ፤ አላውቅም አልሁ። የማን ነው ሲለኝ፣ የወንድም ባህሩ ነው አልሁት፤ ስምዎ እዚያ ድረስ የታወቀ መስሎኝ ነው መቼስ። ወንድምሽ ነው ወይ ሲለኝ ደግሞ፣ አይ፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድሜ ነው ብዬ ጉዴን አባባስሁት። ፌስታሉ ሲፈታ ቡናማ ዱቄት ወጣ፤ ከዱቄቱ መካከልም አንዲት የታጠፈች ወረቀት፤ ወደ እሷ ከታች እመለሳለሁ። ዱቄቱ በሶ መሆኑን መርምረው እስኪያረጋግጡ ድረስ አራት ሰዓት ያህል መስኮት በሌለው ክፍል ተቀመጥሁ። እኅቴ ልትገባ ነው፣ ልቧን ሊከፍቷት ነው እያልሁ አለቀስሁ። ውኃ ሰጡኝ፤ ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

ሦስተኛ፦ «መስከረም ሲጠባ ክረምቱ ስለሚወጣ ጃንጥላ አያስፈልግም» ብለዋል። የታይላንድ ሰማይ ዕንቁጣጣሽን እንደማያከብር ያወቅሁት ውኃው ጉልበቴ ሲደርስ ነው። በዚያ ላይ «የታክሲ ሜትር አትመኑ፣ ተከራከሩ» ስላሉን፣ ምክርዎን አክብሬ መንገድ ላይ ስከራከር ሾፌሩ በታላቅ ትሕትና እጁን አጋጥሞ ሰላምታ ሰጥቶኝ፣ ከነሻንጣዬ ዝናቡ ውስጥ አወረደኝ።

ሆስፒታሉ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ያገኘሁት ጫማዋንና ነጠላዋን ነው።

ቆንጂት ድናለች፤ ክብሩን ጌታ ይውሰድ። በነጋታው ስትነቃ ምን አለችኝ መሰለዎት? «እጄን አጥብቀሽ ስለያዝሽኝ ምንም አልፈራሁም» አለችኝ። የያዘቻት ነርስ ናት። በማደንዘዣው መካከል እኔን መስላታለች። ሴትዮዋን ፈልጌ እንዳላመሰግን ፈረቃዋ ተቀይሮ ስሟን እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ። እኅቴን እስከ ዛሬ አላረምኋትም። በየሳምንቱ ኮል ሳደርግላት ትመርቀኛለች፣ እኔም አሜን እያልሁ የሰው ምርቃት እቀበላለሁ። እርስዎን ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተውዎት ሞክሬ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለኝ።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ገጽ አሥራ አንድን ይሠርዙልን። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ባንኮክ ሄደው ያችን ነርስ አፈላልገው ያመስግኑልኝ። በመስከረም ይሂዱ፣ ጃንጥላ አይያዙ፣ ከታክሲ ሾፌሩም ይከራከሩ። ለነርሷ የሚሰጥ በአምስት ፌስታል የታሰረ ዕቃ ሎቢዬ ውስጥ አስረክብዎታለሁ፤ ምን እንደሆነ እንደማይጠይቁኝ እርግጠኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ወገኖችም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ እኅቴ፣ እንዳትልኩብኝ አደራ፤ ይኼኛው አደራ ምን እንዳለበት ሁላችሁም አይታችኋል።

አገልግሎትዎ እንዲረዝም ሳይሆን እንዲያርፍ ከልብ የምጸልይልዎ፣ በመመሪያዎ ተጉዛ በቸርነቱ የተመለሰች፣ ትሑት እኅትዎ

የሻሽወርቅ
ቶርንክሊፍ ፓርክ

ማስታወሻ፦ በበሶው መካከል የነበረችውን ወረቀት መኮንኖቹ ተርጉሚልን ስላሉኝ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። የእጅ ጽሕፈትዎ እንደ ልማድዎ ያምራል። «አምሃ ልጄ፣ በፖስታ የላክሁልህን ሁለቴ ጉምሩክ ስላስቀረብኝ አሁን በሰው እጅ ልኬልሃለሁ። የዋህ ሴት ናት፣ አትጠይቅም» ይላል። ይኸው፣ ወንድም ባህሩ፣ በጉባኤው ፊት ጠየቅሁ።