ያለ ኢንሻአላህ

ጥር 6
ዛሬም ነፋስ፣ ዛሬም አቧራ። የቀበሌያችን የውሃ ፓምፕ ደግሞ ቆመ። ከሥራ ስመለስ ኢሜይል ከፈትኩ... ተቀብለውኛል! ማስተርስ፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ በነፃ። ለአባዬ ነገርኩት። "ውጭ ነው?" አለ። ነው አልኩ። አገሩን እንኳ አልጠየቀም። ውጭ ይበቃል።

ጥር 11
ዘመድ ጎረቤት ተሰበሰበ። ለቪዛ! ሁለት ዓይነት ነው ብዬ አስረዳሁ። የቋንቋ ኮርስ ቪዛ አለ፣ አጭር ነው፣ ሥራ አያሠራም። የዲግሪ ቪዛ አለ፣ ረጅም ነው፣ ከትምህርት ጎን ያሠራል፣ ባል ማስከተልም ይቻላል። ምነው ይቺን የመጨረሻዋን በዋጥኳት!

እማዬ አጭሩን መረጠች። አባዬ የሚያሠራውን። ከአባዬ ጋር ግመል የሚነግደው ጋሽ ታሂር ደግሞ ልጁ ጀሚል ለአቅመ አዳም ከደረሰ መሰንበቱን አስታወሰን። ቪዛ ነው ወይስ ሽምግልና? ምን እንደምማር የጠየቀኝ የለም።

ጥር 19
ከአባዬ ጋር ቆቦ፣ ይድነቃቸው ዘንድ። የቪዛ አማካሪ ነው። ከደሴ አልፎ አያውቅም፣ ግድግዳው ላይ ግን የዓለም ካርታ ሰቅሏል። የቋንቋው ይሻላል አለ፣ ቶሎ ይወጣል። የተቀበሉኝ እኮ ለማስተርስ ነው! "አንዴ ግቢ እንጂ፣ እዚያ ደርሰሽ ትቀይሪዋለሽ" አለኝ። ዋናው ነገር እንደምመለስ ማሳመን ነው አለ። እዚህ የሚጠብቀኝ ባል ቢኖር ደግሞ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። አባዬ ራሱን ነቀነቀ... ወይ ጉዴ።

ጥር 20
ጀሚል ይህን ሰማ። ለካ ያሰበው አብሮኝ ሊሄድ ነው፣ መያዣ ሆኖ ሊቀር አይደለም። በር ላይ ቆሞ "ኢቅራ፣ መያዣ ከፈለግሽ ግመል አለ" ብሎኝ ሄደ። ዕድሜ ይስጠው፣ ገላገለኝ።

የካቲት 3
የዲግሪውን አስገባሁ። ይድነቃቸው አኩርፏል። ያኩርፍ። የማልማረውን ኮርስ እማራለሁ ብዬ አልዋሽም። ፈርቻለሁ ግን... ቢከለክሉኝስ? ዕድሉ ለሌላ ሰው ያልፋል፣ እኔም ከቆመ ፓምፕ ጋር እቀራለሁ።

የካቲት 14
የቃለ መጠይቅ ልምምድ። አባዬ ወንበር ላይ ተኮፍሶ ቆንስል ሆነ።
"ስትጨርሺ ትመለሻለሽ?"
"ኢንሻአላህ።"
"ኢንሻአላህን ተያት። የተጠራጠርሽ ያስመስልብሻል።"
እማዬ ከጓዳ ወጣች። ያለ ኢንሻአላህ ጎብዬ ገበያ ደርሶ የተመለሰ ማን ነው ብላ ቆንስሉን ልክ አስገባችው። እሷ ስትገባ ግን ድምፁን ቀንሶ ቀጠለ። "እመለሳለሁ" ብቻ እስክል አልለቀቀኝም። አፌ ላይ የሆነ ነገር ጎደለኝ።

የካቲት 28
አዲስ አበባ። ገብቼ ወጣሁ። ምን እንደምማር የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ ሰው ኤምባሲ ያለችው ሴትዮ ናት! ስለ ጉድጓዳችን ጀመርኩ... ማቆም አቃተኝ። ከዚያ ያችው ጥያቄ መጣች። ትመለሻለሽ?
"እመለሳለሁ" አልኩ። ዓይኔን ሳላሽ። አባዬ ቢያየኝ ይኮራ ነበር።

ነሐሴ 24
ቪዛው በእጄ ነው። ነገ ጠዋት መንገድ። እማዬ ሻንጣውን በሶ በበሶ አደረገችው፣ መጽሐፎቼን አወጣሁላት።

አባዬ ሻንጣውን በገመድ አስሮ ሲጨርስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።
"ኢቅራ... ትመለሻለሽ?"
እንደ ቆንስል አይደለም። ያስጠናኝን መልስ ፈለግሁት፣ አልወጣ አለኝ።
"ኢንሻአላህ" አልኩት።
አላረመኝም።