ጣሪያችንን እንዳንነካ ስለከለከሉን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉንፋን በበዛበት በዚህ ወቅት ብርዱ ደረትዎን እንዳይነካዎ፣ ወንበርዎም እንዳይጎረብጥዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ቤተሰቤ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ይግባዎና በመጠኑ ረጥበን፣ በመጠኑ ደርቀን አለን።

በእጅዎ ከሚያልፈው የሰው ብዛት የተነሣ ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ቤቴ ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ፤ ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። የባለቤቴ እናት፣ አማቴ፣ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። “ይኖሩ ነበር” ያልኩት በስሕተት አይደለም፤ ወደዚያ እደርሳለሁ። ለቤታችን የገባነውን የመድን ውል በየዓመቱ ሳናዛንፍ ስናድስ ኖረናል። በግል የጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ምናልባት በአደባባይ የተጻፈ ይነበብ እንደሆነ ብዬ ነው ዛሬ በዚህ መንገድ መምጣቴ። ለመክሰስም ለመስደብም አይደለም፤ ለሁለቱም አቅም አልተረፈኝም። ማመስገን ግን ገና ስለሚቻለኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ በመጀመሪያ የስልክ ሠራተኛዎን ትሕትና አመሰግናለሁ። በረዶው የወረደ ዕለት ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስሰፋ፣ ገልባጭ መኪና ጣሪያችን ላይ ጠጠር ያራገፈ መሰለኝ። የሎሚ ፍሬ የሚያህል በረዶ ነበር። ሲያባራ ወጥቼ ባይ አሸንዳው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ በአማቴ ክፍል ላይ ያለው ቆርቆሮ በየቦታው ተሰርጉዶ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጭራሽ ተበስቷል፤ ውሃው በኮርኒሱ አልፎ አልጋቸው ላይ ይንጠባጠባል። ወዲያው ደወልኩ። ሠራተኛዎ ማር በመሰለ ድምፅ አጽናናችኝና፣ ገምጋሚ መጥቶ እስኪያይ ድረስ ማንም ሰው ጣሪያውን እንዳይነካ፣ ጣሪያ ሠሪም እንዳንቀጥር፣ እስከዚያው ግን ጉዳቱን በማስረጃ እንድንይዝ ነገረችኝ።

አማቴ አጠገቤ ቆመው ያዳምጡ ስለነበር ከዚህ ሁሉ “ማስረጃ” የሚለውን ቃል ይዘው ወጡ። ሻርፓቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ከግቢው ሣር ላይ በረዶውን ለቃቅመው በፌስታል ቋጠሩና ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው አጠገብ አኖሩት። ምን እያደረጉ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ “ሌባ የሚያዘው ከነዕቃው ነው ልጄ” አሉኝ። ከቤተሰባችን ውስጥ የድርጅትዎን ጠባይ ቀድሞ የተረዳ ሰው እሳቸው ብቻ እንደነበሩ አሁን ይገባኛል።

፪ኛ፦ ስለ ሸራውም አመሰግናለሁ። የባለቤቴ አብሮ አደግ የሆነ አንድ ጣሪያ ሠሪ አለ፤ ቀጭን ስለሆነና አንዴ የያዘውን ወሬ ስለማይለቅ ሰፈሩ በሙሉ ሚስማር ይለዋል። ሳንጠራው፣ መሰላሉን ተሸክሞ፣ ሰፊ ሸራ በብብቱ ይዞ ገና ሳይመሽ መጣ። የተበሳውን ለጊዜው በሸራ ልሸፍነውና በማግሥቱ ቆርቆሮውን ልቀይር አለን። እኛ ግን ትእዛዝ አክባሪዎች ስለሆንን መልሰን ደወልን። ሸራ ማልበስ የጉዳቱን ገጽታ መለወጥ ስለሆነ ካሳችንን ሊያስቀርብን እንደሚችል ተነገረን። ሚስማር ሸራውን አጣጥፎ መሰላሉን መልሶ ትከሻው ላይ ሲያደርግ በጣም አዘነ፤ ስለእኛ ይሁን ስለሥራው አላውቅም። “እኔ ዛሬ ካልወጣሁ እኮ እቴ፣ ነገ ሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ነው የምታገኙኝ” ብሎኝ ሄደ። እንዳለውም ሆነ።

፫ኛ፦ ባለቤቴ ከፍታ የሚፈራ ሰው ነው። አውቶቡስ ከመንዳት ከፍ ያለ ነገር በሕይወቱ ሞክሮ አያውቅም፤ አምፖል የምቀይረው እኔ ነኝ። ከመሬት ሆነን ያነሣናቸው ፎቶዎች ጉዳቱን አያሳዩም ስለተባልን ግን፣ ወንድነቱ ትዝ ብሎት እኔ ካልወጣሁ አለ። እኔ ከሥር የጎረቤት መሰላል ይዤ፣ እሱ ከላይ በአንድ እጁ ግድግዳውን፣ በሌላው ስልኩን ይዞ፣ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ሲያነበንብ ሰማሁት። ከወረደ በኋላ ስናይ ያነሣው የራሱን ጫማ፣ ሰማዩንና የጎረቤታችንን ልብስ ማስጫ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ጥሩ ፎቶ አነሣ። ክፍልዎ ከጉዳቱ አጠገብ ማስመሪያ ተቀምጦ ካልተነሣ ስፋቱ አይታወቅም ብሎ መለሰልን። ማስመሪያ ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። ሰውዬው አሁን አምፖል ይቀይራል። ይህን ለውጥ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ላመጣው ያልቻልኩ ስለሆነ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

፬ኛ፦ ጣሪያው ከበረዶው በፊት ደኅና እንደነበር የሚያሳይ ፎቶ እንድናቀርብ በመጠየቅዎ፣ ከአልበማችን ጋር እንደገና አገናኝተውናል። ደኅና ጣሪያ ፎቶ የሚያነሣ ሰው እንዳለ እኛ አናውቅም ነበር። ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ አልበም ሲያገላብጥ፣ የባለቤቴ እህት የተዳረች ጊዜ ግቢያችን ውስጥ የተነሣ አንድ ፎቶ ተገኘ፤ ከሙሽራዋ ጀርባ የአማቴ ክፍል ጣሪያ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። በደስታ ላክነው። የተሰጠን መልስ፣ በምስሉ ላይ ሰዎች ጣሪያውን በከፊል ስለከለሉ ሰው የሌለበት እንድንልክ የሚጠይቅ ነበር። አማቴ ሳነብላቸው፣ ቢነግሩን ኖሮ ልጅቷን ጣሪያው ላይ እንድራት ነበር አሉ። ያ እዚህ ቤት ከእሳቸው አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ቀልድ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ የጀመራቸው ሳል ፋታ አልሰጣቸውም።

፭ኛ፦ ገምጋሚው ሰኞ ይመጣል ተብለን ነበር። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አለመጠየቃችን የእኛ ጥፋት ነው።

፮ኛ፦ ይህን ቁጥር በአጭሩ ባልፈው ደስ ባለኝ። ሰኞዎቹ ሲያልፉ ዝናቡ አላለፈም። ሳፋውም ባልዲውም አልበቃ ሲል የአማቴን አልጋ እኔ ወደምሰፋበት ክፍል አዛወርነው። የመኪናው ድምፅ እንቅልፍ እንደሚያመጣላቸው ነግረውኝ ነበር፤ እኔን ላለማስጨነቅ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። ርጥበቱ ግን ኮርኒሱን ተከትሎ እዚያም መጣ። የሰፋሁት ዩኒፎርም ዝገት ነክቶት እንደገና ሰፋሁት፤ እሱ ጨርቅ ነው፣ ይተካል። አማቴን በመጀመሪያ ጉንፋን ነው አልናቸው፤ ቀጥሎ የወቅቱ ነው አልን፤ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋቸው እስከ በሩ ድረስ ለመድረስ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሟ ደረታቸውን ካዳመጠች በኋላ የት እንደሚተኙ ጠየቀችን። ነገርናት። “ያ ቤት ሳይደርቅ እዚያ እንዳትመልሷቸው” አለችን፤ እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ተግሣጽ።

ባለቤቴ የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ለሚስማር ደወለለት። አዎን ክቡርነትዎ፣ ትእዛዝዎን ልንጥስ ወስነን ነበር፤ ስለ ድፍረታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ነገር ግን አልተሳካልንም። ሚስማር ያን ጊዜ የግማሽ ከተማ ጣሪያ ላይ ነበር፤ መድን የሌላቸው ሰዎች በማግሥቱ ቀጥረውት እነሱ ደርቀው ተኝተዋል። ወረፋችንን ለእኛ ሊይዝልን ፈልጎ እንደነበር፣ እንቢ ያልነው እኛ እንደሆንን አስታወሰን፤ እውነቱን ነው።

ስለዚህ የባለቤቴ እህት፣ ያቺ ጣሪያ የከለለችው ሙሽራ፣ ከምትኖርበት ከተማ መጥታ እናቷን ወሰደች። አማቴ በሄዱ ዕለት ወደ ክፍላቸው አልገቡም፤ ደፉ ላይ ቆመው የተንጠለጠለውን ኮርኒስ አዩት። ያን ክፍል ሟቹ ባለቤታቸው ሲሠሩት አሸዋውን በጀርባቸው ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። ስመለስ ነጭ ቀለም አስቀቡልኝ አሉና ሻንጣቸውን ለልጃቸው ሰጡ።

፯ኛ፦ ገምጋሚው መጣ። ዝናቡ ካቆመ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ መንገዱ አቧራ ማንሣት ከጀመረ በኋላ ነው የመጣው፤ ጫማው እንዳይጨቀይ ማሰብዎ የሠራተኛ አያያዝዎን ያሳያል። ሰላምታ የሚያውቅ፣ እናቱ ጥሩ አድርገው ያሳደጉት ልጅ ነው። መሰላል አቀረብንለት፤ መሰላል ላይ መውጣት በመመሪያ እንደተከለከለ ነገረን። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ ጣሪያችንን ለረዥም ጊዜ ተመለከተ። በመጨረሻም ከበረዶው የቀረ ማስረጃ እንዳለን ጠየቀኝ። ሮጬ ገብቼ የአማቴን ፌስታል አመጣሁለት። መብራት ሲመጣ ሲሄድ ስለከረመ ያ ሁሉ ፍሬ ቀልጦና ተጋግሮ አንድ ድንጋይ ሆኗል። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ “እናቴ፣ ይሄ እኮ የፍሪጅ በረዶ ነው” አለኝ። ምን እለዋለሁ? ከፍሪጅ ነው ያወጣሁት።

ከዚያ ውሳኔዎ ደረሰን። ሁለት አንቀጽ ነው፤ ሁለቱንም በቃሌ ይዣቸዋለሁ። የመጀመሪያው፣ በጣሪያው ላይ የሚታየው ጉዳት ከበረዶ ሳይሆን ከእርጅና የመጣ ስለሆነ ካሳ አይከፈልበትም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በቤቱ ውስጥ የደረሰው የውሃ ጉዳት ባለንብረቶቹ ጣሪያውን በወቅቱ ባለመሸፈናቸውና ባለማስጠገናቸው የተባባሰ ስለሆነ እሱም አይከፈልበትም ይላል። ሸራ ስናመጣ አትሸፍኑ ያለን ድርጅት፣ ስላልሸፈናችሁ ሲለን፣ ባለቤቴ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ምናልባት የቀረ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ብሎ ነው። ለአማቴ በስልክ ሳነብላቸው በእርጅናው ላይ አቋረጡኝ። “እኔንም እዚህ ያለው ሐኪም የሚለኝ እርጅና ነው፤ እሱ ግን ቢያንስ ቀርቦ አይቶኝ ነው” አሉ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ምስጋናው አልቆ ሳይሆን እጄ ደክሞ ነው።

ቤቱ ምን ሆነ ብለው ቢጠይቁ፣ ባይጠይቁም፣ ተሠርቷል። ትርፍ የነበረችውን የስፌት መኪናዬን ሸጥን፤ ሚስማርም ተራችን ሲደርስ መጥቶ፣ ስለሰው ሁሉ ጣሪያ እያወራልን፣ ቆርቆሮውን ቀየረ፣ አሸንዳውን መለሰ። ኮርኒሱን ነጭ አስቀባነው። አልጋውን አነጠፍኩና ለአማቴ ደወልኩ። መጪው ክረምት ይለፍና አሉኝ። ክረምቱ አለፈ። ባለቤቴ ሊያመጣቸው ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። እህቱ እንደነገረችው፣ ዝናብ ሲመታ እናታቸው ከተኙበት ተነሥተው አልጋቸውን ከግድግዳው ይስባሉ፤ ሳፋ የት እንዳለ ይጠይቃሉ። እዚያ የሚኖሩት በፎቅ ቤት ምድር ቤት ላይ ነው። እኔ ራሴ ብለምናቸው፣ “እዚህ ከላዬ ሰው እንጂ ሰማይ የለም፤ ይሻለኛል ልጄ” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አልለመንኳቸውም። ክፍሉ ደርቆ፣ ነጭ ሆኖ፣ ባዶውን አለ።

የምጠይቅዎ ካሳ አይደለም፤ እሱን ተስፋ ቆርጬ ጨርሻለሁ። የምጠይቅዎ ያቺ ድምፅዋ ማር የሆነ ሠራተኛዎ ከእንግዲህ ለሚደውል ሰው የምትለውን እንዲለውጡላት ነው። “የቻላችሁትን ፎቶ አንሡ፤ የተጎዳውን በዚያው ቀን ሸፍኑ፤ ሽማግሌ ካለ ከዚያ ክፍል አውጡ” ብትል ይበቃል። ለመናገር ከቀድሞው አይረዝምም። ወጪም የለውም።

ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዘመንዎ የለመለመ፣ ፋይልዎ የጎደለ፣ ስልክዎም ጸጥ ያለ ይሁንልዎ እያልኩ፣ በትእዛዝ አክባሪነቴ ብዙ የተማርኩ ደንበኛዎ፤

ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፤
ለማይመለከተውም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምጨምረው በበርዎ ላይ ቆሜ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ደብዳቤው ጋዜጣ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቅጂ በእጅዎ እንዲደርስ ብዬ ብመጣ፣ ትናንት ማታ መሐል ከተማ ላይ በጣለው በረዶ የቢሮዎ ጣሪያ ተጎድቶ ኖሮ ሠራተኞች ወጥተው ቆርቆሮ ሲመቱ አገኘሁ። እንደ ልማዴ ተጨንቄ፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ ገምጋሚም አይቶት እንደሆነ የበር ጥበቃውን ጠየቅኩት። “የምን ፎቶ አመጣሽ እቴ፤ ውሃው እኮ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚወርደው፤ ገና ሳይነጋ ነው ሠራተኛ የተጠራው” አለኝ። እንኳን ጠረጴዛዎ ደረቀልዎ።