ከሻሸመኔ የመጣው ስልክ

ኅዳር 9፣ ሰኞ
ደብተሬ፣ ማንም እንዳይሰማብኝ እንጂ... ስልክ እፈራለሁ። ሥራዬ ደግሞ ስልክ ነው። የጭነት መኪና ድርጅት፣ ከውጭ አንድ መስመር፣ ከውስጥ ስምንት ክፍል። ሲጠራ አነሳለሁ፣ ገመዱን የተፈለገው ክፍል ቀዳዳ ላይ እሰካለሁ። ይኸው ነው።

ሥራውን የሚያለማምዱኝ ወ/ሮ አስካለ ዛሬም ሳቁብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ሀሎ በይ እንጂ! ኑዛዜ ነው እንዴ የምታንሾካሹኪው?" ጋራዥ ድረስ ተሰማ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ
የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ 2 ሳምንት ቀረው። ከ8ኛ ክፍል አቋርጬ ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ካገናኘሽ በኋላ አትስሚ፤ የሰማች ትባረራለች። ሁለተኛው፣ ጓድ ሥ/አስኪያጁ መስመር ከፈለጉ ማንም ያውራ ማን፣ ይቅርታ ብለሽ ንቀይ።

አንደኛውን አልጠበቅሁም። የተቋረጠ እየመሰለኝ ማዳመጫውን ሳላወልቅ እቆያለሁ። ለወሬ ብዬ አይደለም። ማን ያምነኛል?

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ 10 ሰዓት
መቀመጥ አልቻልኩም። ከሻሸመኔ ስልክ ቤት ተደወለ፤ የሾፌሩ የጋሽ ቱፋ ሚስት ናት። ጋራዥ ሰካሁላት። አካም ጅርታ ብለው በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ፤ ቋንቋውን እሰማለሁ። እሳቸው ይጠይቃሉ፤ ቤቱስ፣ ከብቱስ፣ ልጁስ? ደህና፣ ደህና፣ ደህና ትላለች። ክፉ ነገር ከሰላምታ በፊት አይነገርማ።

በመሃል ጓድ ሥ/አስኪያጁ አዲስ አበባን አገናኚኝ አሉ። ይቅርታ ማለት አቃተኝ። ዝም ብዬ የጋራዡን ገመድ ነቀልኩ። የውጭው መስመር ግን እኔ ጋ ክፍት ነበር፤ እሷ አላወቀችም። ለእኔ ማውራቷን ቀጠለች። ልጁ ሆዱን ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፣ አባቱ ካልፈረመ አንነካውም ብለዋል፣ ዛሬውኑ ተነስ። "ሰማኸኝ?" አለች። ነቀልኳት። መስመሩን ለጓድ ሰጠሁ።

ጋሽ ቱፋ በመስኮት ብቅ አሉ። ምን ሆኖ ነው? መስመሩ ተበላሸ አልኩ። ዋሸሁ። ወ/ሮ አስካለ አጠገቤ ናቸው። ጋሽ ቱፋ ሳቁ። "ገበያ ወርዳ ትዝ ብያት ነው፤ ሁሉም ደህና ብላኛለች። አይዞሽ ልጄ።" ሄዱ።

እዚያው ቀን፣ 12 ሰዓት
ጋራዥ ሮጥኩ። የሉም። ማደሪያቸውን የሚያውቅ የለም። ሻሸመኔ መልሼ ደወልኩ፤ ሴትዮዋ ከስልክ ቤቱ ወጥታለች። ጋሽ ቱፋ ነገ ንጋት 12 ላይ ወደ አሰብ ይነሳሉ። ደርሶ መልስ አሥር ቀን።

ልጁ ስንት ዓመቱ ይሆን? አልተናገረችም። ወረቀት በጋራዡ በር ሥር ላስገባ? ጋሽ ቱፋ ማንበብ አይችሉም፤ የጭነት ሰነዱን እንኳ ሌላ ሰው ነው የሚያነብላቸው።

እንግዲህ በአፌ ነው። ነገ 11 ሰዓት ላይ ግቢው በር ላይ እቆማለሁ። መኪናው ሳይነሳ እነግራቸዋለሁ። ማን ነገረሽ ካሉኝ፣ እኔው ሰምቼ፣ እኔው ነቅዬ ነው እላለሁ። ከዚያ ለወ/ሮ አስካለም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ቢያባርሩኝም።