ከእማዬ ክፍል ሥር ያለው ዋልካ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ከርሟል? ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህ፣ መንታዎቹ፣ ለማግባት የሚጣደፈው የበኩር ልጅህ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከንዴቴ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ እህት፣ አንዴ እንደ መሐንዲስ። ሁለቱንም ጊዜ ደሜ ፈላ። «ስንጥቁ የልስን ነው። ቤቱ በሥዕልሽ መሠረት ተሠርቷል ብለሽ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፊልኝና ላይኛውን ፎቅ ለልጄ ልቀጥል። አንቺ ፈርሚ እንጂ ሌላው የእኔ ጣጣ ነው» ትላለህ። አልፈርምም። ይህን ከላይ የጻፍኩልህ መልሱን ከታች ስትፈልግ እንዳትደክም ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የዛሬ ሁለት ዓመት ለእረፍት ስመጣ አባታችን በተወልን ቦታ ላይ ሦስት ጉድጓድ አስቆፈርኩ። አንተ በርሜል ላይ ቁጭ ብለህ «መቃብር ነው እንዴ የምታስቆፍሪው?» እያልክ ታሾፍብኝ ነበር። ከላይ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ድረስ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ከሥሩ ጠንካራ ቀይ ጠጠር። ዋልካ በበጋ ተሰነጣጥቆ ክንድ ይውጣል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ቤት ያነሳል። በዚያ ላይ አካባቢው መሬት የሚንቀጠቀጥበት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ኮለን፣ ቤቱን የሚሸከመው ምሰሶ ማለቴ ነው፣ ዋልካውን አልፎ ቀዩ ጠጠር ላይ እንዲቆም፣ ሁሉም ደግሞ ከታች እንደ ቀበቶ በሚያስራቸው ቢም እንዲያያዙ አድርጌ ሥዕሉን ሠራሁ። ማህተሜን መትቼ ሰጠሁህ። አንተም ጉንጬን ስመህ ሸኘኸኝ፤ በሥዕሌ ፈቃድ አወጣህና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍክበት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እማዬ ስትስቅ ነው። ባለፈው ክረምት የክፍሏ በር ነክሶ አልከፈት ብሎ፣ ግማሽ ቀን ተዘግቶባት በመስኮት እንዳወጣችኋት ነገረችኝ። «በሰባ ሁለት ዓመቴ እንደ ሌባ በመስኮት ዘለልኩ» ብላ ተንከተከተች። እኔ አልሳቅሁም። በር እንዲህ ሲነክስ ጥፋቱ የእንጨቱ አይደለም፤ ወለሉ ከሥሩ እየተነሳ ነው። ደውዬ ስጠይቅህ ግን «የአናጺው ስህተት ነው፣ አስተካክሎታል» አልከኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ደግሞ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። «ብርጭቆ እንኳ አልሰበረም» ያልከኝ መንቀጥቀጥ ከእማዬ መስኮት ጥግ እስከ ወለሉ ድረስ ግድግዳውን በሰያፍ ከፍቶታል፤ ሁለት ጣት ያስገባል። በሦስተኛው ቀን አስለሰንከው፣ ቀለምም አስቀባኸው። በሳምንቱ ስንጥቁ ቀለሙን ቀዶ ተመልሶ ወጣ። ይህን የነገረኝ ቱንቢ ነው።

አዎ፣ ቱንቢ የምትሉት ግንበኛ፤ «ሲሚንቶ እየቀነሰ ቤቴን ያበላሸው እሱ ነው» ብለህ በሰፈሩ ፊት ያዋረድከው። የደወለልኝ እሱ ነው። «እትዬ፣ የመሠረቱ ጥልቀት ወገቤ ጋ እንኳ አይደርስም» አለኝ። ጉድጓዱ ውሃ ሲያቁር ቱንቢ አንተን ጠርቶህ ነበር። ምን አለህ ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼማ ‹ድንጋይ ሙላበትና ቀጥል፤ እሷ የምታውቀው ወረቀቱን ነው፣ እኔ መሬቱን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ› አሉኝ» አለ። ኮለኖቹን የሚያስረውን ቢምም «ከመሬት በታች ማን ያየዋል?» ብለህ አስቀረኸው። ሥራው ሲሠራ ያነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ ስልኩ ውስጥ አሉ። በአንዱ ላይ አንተ ጃንጥላ ይዘህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመሃል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። በግድግዳ ማቅኛው ስም ቱንቢ የሚባል ሰው የሠራው ግድግዳ ቢያዘምም የከተማው መሳቂያ እንደሚሆን አንተም ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን እሱ ላይ ለጠፍከው።

የእኔንም ጥፋት አልደብቅም። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን ኮንክሪቱ ሲሞላ አጠገቡ ሳልቆም ማህተሜን አልሰጥም ነበር። ወንድሜ ነው ብዬ ሰጠሁ። ከአንተ ቀጥሎ የተናደድኩት በራሴ ነው።

«ምን አስቆጣት?» ትል ይሆናል። ባለፈው ዓመት እዚህ እኔ በምሠራበት አገር ከባድ መንቀጥቀጥ ደርሶ ለምርመራ ተልኬ ነበር። አንድ ሰፈር ውስጥ ውሃ ያዘለው አሸዋ እንደ ቀጭን ጭቃ ሆኖ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አንድ መስኮት ሳይሰበርበት ቁጭ እንዳለ ሰምጧል። ባለቤቱ ቁልፍ በእጁ ይዞ በሩን ይፈልጋል። በሩ ከመሬት በታች ነው። እናቱ ምድር ቤት ነበር የሚተኙት። «ይህን ያህል ጥልቀት ምን ያደርጋል?» ብሎ መሠረቱን ያሳጠረው ራሱ እንደነበር ጎረቤቶቹ ነገሩኝ። እኛ ሦስት ቀን ስንቆፍር ሰውየው አንዴም አልተቀመጠም። ለእሱ መናገር ያቃተኝን ነው ለአንተ አሁን የምጽፈው፣ ገና እናት ስላለችህ።

ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተሃል። ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና አቁሜ «ሌላ ጭነት ጨምሬልሃለሁ፣ ልጆችህንም ጫንና ቁልቁለቱን ውረድ» ብልህ ምን ትለኛለህ? በዚህ መሠረት ላይ ፎቅ መጨመር ማለት ያ ነው።

እንግዲህ ያደረግኩትን ስማ። ለማዘጋጃ ቤቱ ማህተሜን ማንሳቴን ጽፌ፣ ፎቶዎቹን አያይዤ ልኬአለሁ። እማዬን መካከለኛዋ እህታችን መጥታ የወሰደቻት እኔ ነግሬያት ነው። «እናቴን ከቤቴ ሰረቁኝ» እያልክ ለዘመድ ሁሉ ደውለሃል አሉ። ደውል። ስትሰረቅ የራሷን ፍራሽ ራሷ ጠቅልላ ነው እህታችንን የጠበቀቻት።

ቤቱ አይድንም አላልኩም። ከመሠረቱ ሥር ሜትር በሜትር እየተቆፈረ፣ አንዱ ሳይጠነክር ሌላው እንዳይነካ እየተደረገ፣ እስከ ቀዩ ጠጠር ድረስ ኮንክሪት ይሞላል። ከዚያ ያስቀረኸው ቀበቶ ይታሰራል፤ የጣሪያው ውሃም ከግድግዳው እንዲርቅ ይደረጋል። ረጅምና አሰልቺ ሥራ ነው። በወሩ መጨረሻ መጥቼ እያንዳንዱን ጉድጓድ ራሴ ወርጄ አያለሁ። ነገር ግን ባዋረድከው ሰፈር ፊት ቱንቢን ይቅርታ ጠይቀህ ወደ ሥራው ካልመለስከው እግሬን አላነሳም። ፎቁን እርሳው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ መንታዎቹን ከኋለኛው ክፍል አውጥታ የፊት ለፊቱ ክፍል በር አጠገብ ታስተኛቸው፣ አልጋቸውንም ከቁም ሳጥኑ ታርቀው። መንታዎቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። ለበኩር ልጅህ፣ አክስትህ የጋብቻህ ጠላት አይደለችም፤ ሚስትህን የሚወድቅ ጣሪያ ሥር እንዳታስገባ ነው የከለከለችህ በለው። ለአናጺውም ሰላም በልልኝ፣ በሰው ጥፋት ስሙ ጠፍቷልና።

ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለእማዬ በስልክ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ልጄ ነው እኮ፣ ትንሽ አለስልሺው» አለችኝ። እስክሪብቶዬን አንስቼ የቱን ላለስልስልሽ ብዬ ጠየቅኳት። «ተይው» አለች፤ «እንዳለ ላኪው።»

እህትህ

ከሥራ ቦታዬ፣ ከቆርቆሮው ቢሮ
ኅዳር 14 ቀን