ወንድ የማያያቸው ፎቶዎች

ሰኞ፣ ግንቦት 8 ቀን 2008

ስልኩ ዛሬም ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ባትሪው አብጦ የጀርባ ክዳኑን ገፍቶታል፤ በላስቲክ አስሬ ነው የማኖረው። ሙቀቱ ነው ይላሉ። በግንቦት ከሚሴ ላይ የማያብጥ ነገር የለም፤ የእኔም እግር አብጧል።

ስልኩ ራሱ ባላሳሰበኝ ነበር። ልጃችን ሀያት ባለፈው ሳምንት ተዳረች። ሴቶቹ ለብቻቸው ወደተሰበሰቡበት ክፍል ፎቶ አንሺው አልገባም፣ ወንድ ነውና። ባለቤቴ ዘሃራ ስልኬን ወሰደች፣ እህቷ መዲና አነሳች። ሻሻቸውን አውልቀው፣ ፀጉራቸውን ለቀው ሲጨፍሩ ነው የተነሱት። ከዚያ በፊት ግን ዘሃራን ቃል አስገብተዋታል፦ ፎቶውን ወንድ የሚባል አያየውም። ባልሽም ቢሆን። አማና ነው።

ቅዳሜ ሀያት ለመልስ ትመጣለች። እሑድ ባሏ ወደሚነግድበት ሎጊያ ይሄዳሉ። ከዚያ መቼ እንደምናያት አላህ ያውቃል። ከሰርጓ የምትፈልገው እነዚህን ፎቶዎች ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታም የሉም። ስልኩ ደግሞ ቅዳሜን የሚያይ አይመስለኝም።

ስለዚህ ከስልኩ ወደ ኮምፒዩተር፣ ከኮምፒዩተር ወደ ፍላሽ። ኮምፒዩተሩ ጡረታ ስወጣ ወንዱ ልጄ ከአዲስ አበባ የላከልኝ ነው። ለጽሑፍ እጠቀምበታለሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። መዲና ብትኖር ትሠራው ነበር፤ ግን ወደ ደሴ ተመልሳለች። ሌሎቹ የምናውቃቸው ሴቶች እንደ ዘሃራ ናቸው፣ ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም።

«ማሎ፣ እባክዎ፣ እርስዎ ያሻግሯቸው። ግን እንዳያዩዋቸው» አለችኝ።

በመምህርነት ዕድሜዬ ሙሉ ሳላየው ያረምኩት ወረቀት የለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

ሽቦውን ሰካሁ። ስልኩ ኃይል መሙላት ጀመረ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ምንም አላሳየኝም። ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ያው ነው።

ከማል ዘንድ ሄድኩ። ስልክ ይጠግናል፣ ፎቶም ያትማል። ስድስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምሬዋለሁ፤ ካርታ ላይ ሰሜንን ወደ ታች የሚያደርግ ልጅ ነበር። አሁን ሱቁ ሰው አይለየውም።

«የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ጋሼ። ይስጡኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

አልሰጥህም አልኩት። ምክንያቱን ስነግረው ሳቀ። ቀጥሎ እናቱም እዚያ ክፍል እንደነበረች ትዝ አለውና፣ «የእናቴን ጭፈራ ማየት አልችልም ማለት ነው?» አለ። የእናትህን ትችላለህ፣ ከጎኗ ያሉትን ግን አትችልም አልኩት። እጁን ሰበሰበ። ጨዋ ልጅ ነው። አሠራሩን ብቻ በቃል አስጻፈኝ፦

ሽቦውን ከኮምፒዩተሩ ጀርባ መሰካት፤ የፊተኛው ቀዳዳ ላልቶ ይሆናል።
ስልኩ ላይ ኃይል መሙላት ብቻ የሚለውን ወደ ፋይል ማስተላለፍ መለወጥ።
ካሜራ የሚለውን ማህደር መክፈት።
ሁሉንም መምረጥ፣ ኮፒ፣ አዲስ ማህደር ውስጥ ፔስት።

ልወጣ ስል በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ኮፒ ነው ጋሼ። ከት እንዳይሉ። ከት ከዚያ ያነሳዋል» አለኝ።

ቤት ስደርስ ዘሃራ በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስልኩ ከእጄ ወጥቶ እንደሆነ ነው። አልወጣም። ሱቅ የገባ ፎቶ ሳይውል ሳያድር ሰንበቴ ገበያ ይደርሳል ባይ ናት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10

ጠዋት መብራት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እንደተጻፈው አደረግኩ፣ ተሳካ። ደስ ብሎኝ ማህደሩን ስከፍተው ፎቶዎቹ በትንንሹ ተደርድረው ብቅ አሉ። ይህን ከማል አልነገረኝም። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ቀይ ቀሚስ አይቻለሁ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም።

ፎጣ አምጥቼ ስክሪኑ ላይ ጣልኩበት። ቀሪውን በቁልፎቹ ብቻ መሥራት ይቻላል።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ኮፒ ባደርግ ፎቶዎቹ በስልኩም ይቀራሉ፤ ስልኩ ነገ ጥገና ሲገባ የሚከፍተው ወንድ ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ከት አልኩ። አማናን ለመጠበቅ ብዬ ነው። የከማል ማስጠንቀቂያ በራሴ እጅ ተጽፎ ፊቴ ተቀምጧል።

ጥቂት ቆይቶ መብራት ሄደ። ፎጣውን ሳነሳው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ስልኩም ጠፍቷል።

የትኛው እንደተሻገረ፣ የትኛው እንደቀረ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደጠፋ አላውቅም። ለማወቅ ማየት አለብኝ። ለዘሃራ አልነገርኳትም። ደክሞኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11

ጎረቤታችን ፋጡማ በጠዋት መጣች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ስልኬን ይዤ ከማል ሱቅ መቆሜን ሰምታለች።

«መምህር፣ የእኔ ሽበት ሱቅ ደረሰ ይላሉ። እውነት ነው?»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው፤ ፊቷ ግን አይስቅም። ስልኩ ከእጄ እንዳልወጣ ማልኩላት።

«እርስዎንማ አምናለሁ። ስልክን ነው የማላምን» ብላ ሄደች።

ዘሃራ ከውስጥ ሰምታለች። ማሽላ እየለቀመች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና የትናንቱን ሁሉ ነገርኳት። ቀና አላለችም። ሰፌዱን አንገዋለለች፣ ጠጠር አወጣች፣ እንደገና አንገዋለለች።

በመጨረሻ «ቦርከና ሲሞላ የተከፈለ ከብት ማለት ነው። ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ» አለች።

ልክ ናት። እኔም ከዚህ አሳምሬ ባላስረዳሁት ነበር።

«እንግዲያው እረኛዋ አንቺ ነሽ» አልኳት። «አንቺ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጪ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እነግርሻለሁ።»

ስሜን መጻፍ ያስተማሩኝ በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ ወዲህ እርሳስ አልያዝኩም አለች። እርሳስ አያስፈልግም አልኳት። እሺ አላለችም፣ እምቢም አላለችም።

ዓርብ፣ ግንቦት 12

ከጁምዓ መልስ ጀመርን። ስልኩ ከብዙ ልመና በኋላ በራ።

ጀርባዬን ሰጥቼ የአፍሪካ ካርታዬ ፊት ተቀመጥኩ። እንዲህ አስተምሬ አላውቅም፤ ሰሌዳ የለም፣ የተማሪውን ፊት አላይም።

ምን ይታይሻል? ቢጫ ሳጥን። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ንኪው። ነካሁት። ተከፈተ? አልተከፈተም። ቶሎ ቶሎ ነው ያልኩሽ።

«ጣቴም እኮ እንደርስዎ አርጅቷል» አለች።

ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት እንደ ፍየል ትሸሽባታለች። አንዴ ሁሉም ነገር ጠፋ ብላ ጮኸች፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጋው ነው። ወደዚያ ዞር ልል ምንም አልቀረኝም። አባይን ከምንጩ እስከ አፉ በዓይኔ ተከተልኩት፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ወረድኩ።

ከዚያ በኋላ ለመደችው። በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ላይ ያሉትን አየች፤ ደህና ናቸው። ቀጥሎ ስልኩ ላይ የቀሩትን አየች። መንገድ ላይ የጠፋ ያለ አይመስላትም። የቀሩትን በኮፒ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች አሻገረች፤ በአንዴ ማጨቅ መብራት ያጠፋል ብላለች። አልተከራከርኳትም። መሐል ላይ እየረሳችኝ ብቻዋን ትስቃለች። «ፋጡማ! ይቺ ሴት!» ትላለች። ምን ሆነች እላለሁ። «እርስዎን አይመለከትም።»

አንድ ሲቀር ስልኩ ጠቆረ።

ኃይል ብሰጠው፣ ባትሪውን ባወጣ ባስገባ፣ ውጭ ጥላ ሥር ባቀዘቅዘው አልተነሳም። ከአሁን በኋላ የሚነሳም አይመስለኝም። የመጨረሻው ፎቶ ግማሹ ብቻ ተሻግሯል። የማን እንደሆነ ብጠይቃት አልነገረችኝም። የሀያት እንዳይሆን ብዬ ሰጋሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13

ሀያት መጣች። ከስታለች፣ ወይም ሙሽሮች እንዲህ ናቸው።

ሴቶቹ ከምሳ በኋላ ኮምፒዩተሩ ወዳለበት ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። እኔና ባሏ ውጭ ተቀመጥን። ቁጥብ ልጅ ነው፤ ስለ ሎጊያ ሙቀት አወራን፣ ከዚያ ወሬ አለቀብን። ከውስጥ የፋጡማ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። ስለ ሽበቷ ከእንግዲህ የምትከሰኝ አይመስለኝም።

ፍላሹ ላይ የጫነችው ዘሃራ ናት። ሀያት እኔ ልሥራው ብትላት አልሰጠቻትም። «ኮፒ ነው። ከት የሚባል ነገር እንዳትነኪ፣ አባትሽን ጠይቂ» ስትላት በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁ። መቼ እንደምትረሳልኝ አላውቅም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዘሃራ ጠራችኝ። አንድ ፎቶ ከፍታ ጠበቀችኝ። ዓይኔን መለስኩ።

«ይዩት። የራሴ ነው» አለች።

ግማሹ ፎቶ የእሷ ነበር። ሂና የገባበት ፀጉሯ ተለቋል፣ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አፏ ለዘፈን ተከፍቷል። ከትከሻዋ በታች ያለው ግራጫ ነው፣ ምንም የለበትም።

ዘሃራ ስትጨፍር አይቼ አላውቅም። በእኛም ሰርግ ሴቶቹ ሌላ ክፍል ነበሩ፤ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ድምፃቸውን ነው የሰማሁት።

መብራት ባይሄድ፣ ከት ባልል ኖሮ ሙሉው ይገኝ ነበር አልኳት።

«እግሬን እንደሆነ በየቀኑ ያዩታል» አለችና ሻሿን አስተካክላ ዕቃ ልታነሳ ሄደች።

ነገ በጠዋት ሀያትን መናኸሪያ እናደርሳለን። ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ በእጄ ከተትኩላት፣ አንዴም ተመልሼ አየሁት። ግማሹን ፎቶ «ያልተሟላ» ብዬ ልሰይመው ጀምሬ ነበር። ቃሉን አጠፋሁትና «ዘሃራ» ብዬ ጻፍኩበት።