የታሪኩ ነጭ ሸሚዝ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከመዘምራን ልምምድ ስወጣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጠርተውኝ፣ «ወንድምሽ እሁድ ይመስክር። ጌታ ከጦርነት እንዴት እንዳወጣው ጉባኤው ይስማ» አሉኝ። ጋቢም ተገዝቶለታል። በደስታ ከፒያሳ እስከ ቤት በእግሬ መጣሁ።

ወንድሜ ታሪኩ የቆሰለ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ምኑን ልመስክር?» አለ። ከዚያ ስለ አንድ ምርኮኛ ነገረኝ። እጁ ታስሮ ታሪኩንና ጓዶቹን ውሃ እየለመናቸው ነበር። «ከዚያ ተተኮሰበት» አለኝ።

ማን እንደተኮሰ አልነገረኝም። ለመጠየቅ ፈራሁ። «ማንም ይሁን ማን፣ ለመርማሪ ተናገር፤ አብሬህ እቆማለሁ» ማለት ነበረብኝ። በየቀኑ ቁስሉን የማጥብለት እኔ ነኝ፤ እኔ ካላልኩት ማን ይለዋል? ግን ተርበተበትኩና፣ «ለማንኛውም ለእሁድ ነጭ ሸሚዝህን ልተኩስልህ?» አልኩት። ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ታሪኩ ቀና ብሎ አላየኝም። «ተዪው፤ እኔው ነኝ የተኮስኩት» አለኝ።

ሸሚዙ ግን ጠዋት አጥቤ እንዳሰጣሁት ገመድ ላይ ነው። እስካሁን የነካው የለም።